የተዳከመ መሃል ከተማን በስልክ መመለስ ይቻላል? አፕ ልንሠራ ነው፣ ሐሳብ ስጡን

መሃል መንገድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ከተማ ልማት ላይ ነው። አሁን እጃችን ላይ ያለው ጉዳይ አንድ የተዳከመ መሃል ከተማ ነው። ከእኔ የተሻለ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ስላላችሁ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ነገሩ የትም ያለ ነው። መጀመሪያ ትልልቆቹ ሱቆች ሰፊ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ወደ ከተማው ዳር ይወጣሉ። ቢሮዎቹ ይከተላሉ። ቀስ ብሎ ሰዉ የሚፈልገውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ማዘዝ ይለምዳል። መሃል የቀሩት ሱቆች ገበያ ይቀዘቅዝባቸዋል፣ አንዱ ሲዘጋ የጎረቤቱም ደንበኛ አብሮ ይቀንሳል፣ ፎቆቹ ባዶ ይሆናሉ፣ ማታ መስኮት ላይ መብራት አይታይም፣ ሲጨልም ሰው በዚያ ማለፍ ይፈራል፣ ሰው ካላለፈ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ የቆየውም ይዘጋል። ሕንፃዎቹ ግን አሁንም አሉ። አደባባዩ አለ፣ ጠባቦቹ መንገዶች አሉ፣ በእጅ ሥራቸው የሚያድሩ ጥቂት ሰዎችም አልሄዱም፤ መጽሐፍ ጠራዥ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ እንጨት ሠሪ። ጎብኚ ቢመጣ የሚያየው አያጣም።

የቡድናችን ሐሳብ የሞባይል አፕ መሥራት ነው። ካርታ ይኖረዋል። ካሜራውን ሕንፃ ላይ ስትደግን የድሮውን ፎቶ ያሳይሃል። ቦታዎቹን ስትጎበኝ ነጥብ ትሰበስባለህ፣ በነጥቡም ሱቆቹ ቅናሽ ያደርጉልሃል። ወረቀት ላይ በጣም ያምራል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከተሳሳትን ሁለተኛ ዕድል የለንም።

በእውነት ስልክ ሰውን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ አምጥቶ ያውቃል? የት? ከምን ብንጀምር ይሻላል? ደግሞስ የመጣው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ከመሄድ አልፎ እዚያ ላሉት ሰዎች እንጀራ እንዲሆን ምን መደረግ አለበት?

ኮድ ጸሐፊዋ፦

ወንድሜ፣ አፑን ተዉት። ይህን የምልህ አፕ በመሥራት የምተዳደር ሰው ሆኜ ነው።

እስቲ አስበው። ጎብኚው መሃል ከተማው ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ ጥቂት ሰዓት ነው። ለዚያች ሰዓት ብሎ አፕ ስቶር ገብቶ፣ ስሙን ፈልጎ፣ ዳታውን ከፍሎ አውርዶ፣ አካውንት ከፍቶ፣ "ያለህበትን ቦታ እንድናይ ፍቀድ" የሚለውን ተጭኖ... ብዙው ሰው መንገድ ላይ ይተወዋል። ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ የሮሚንግ (በውጭ አገር ኔትወርክ የመጠቀም) ሂሳቡም ያስፈራዋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በጁን 2017 በመካከላቸው ያለውን የሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያ አንስተዋል። በብዙ ሌላ ቦታ ግን ሰው ድንበር ሲሻገር መጀመሪያ የሚያጠፋው ዳታውን ነው።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ከምርቃቱ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ የከተማ አፕ ከሠሩት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ምርቃቱ ደማቅ ነበር። ከዚያ በጀቱ አለቀ። የስልኮቹ ሲስተም በየዓመቱ ይለወጣል፣ አፑ ካልታደሰ መጀመሪያ አንዱ ነገር ይበላሻል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ ጭራሽ አልከፈትም ይላል። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ቴክኒኩ አይደለም። የመክፈቻ ሰዓቶቹን የሚያድስ አንድ ሰው አለመመደቡ ነው። አፑ "ክፍት ነው" ያለውን ሙዚየም ሰው በእግሩ ሄዶ በሩ ተቆልፎ ያገኘዋል። አንዴ እንዲህ የሆነበት ጎብኚ ሌላውንም አያምንህም።

ኪውአር ኮድና ቀላል ድረ ገጽ ይበቃችኋል። ኪውአር እ.ኤ.አ. በ1994 ዴንሶ ዌቭ የተባለው የጃፓን ድርጅት የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል የሠራው ነገር ነው። ዛሬ የስልክ ካሜራ ራሱ ያነበዋል፣ ምንም ማውረድ የለም። ዌልስ ውስጥ ሞንመዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት "የመጀመሪያዋ የዊኪፒዲያ ከተማ" ሆነች። በየሕንፃው፣ በየሱቁ መስኮት ኮድ ለጠፉ። ደጅ ለሚውለው ደግሞ ዝናብና ፀሐይ እንዳያጠፋው ሴራሚክ ተጠቀሙ። ኮዱን ስታነበው ኪውአርፒዲያ የሚባለው ሲስተም ስልክህ በምን ቋንቋ እንደተዘጋጀ አይቶ ጽሑፉን በዚያው ቋንቋ ይከፍትልሃል። የአካባቢው ምክር ቤት ነጻ ዋይፋይ በከተማዋ ዘረጋ። ሐሳቡን ልብ በለው። ጽሑፉ ዊኪፒዲያ ላይ ስለሆነ በጀት ቢያልቅም አይሞትም፣ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ያርመዋል፣ ይተረጉመዋል።

ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ልጨምር። ኮዱ የሚወስደው ወደ ራሳችሁ አድራሻ ይሁን፣ የሌላ ድርጅት ማሳጠሪያ ሊንክ አትጠቀሙ፤ ድርጅቱ አንድ ቀን ቢዘጋ ግድግዳ ላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ከኮዱ ሥር አድራሻው በፊደል ይጻፍ። አጭበርባሪዎች የራሳቸውን ኮድ በላዩ ይለጥፋሉ፣ ሰው አድራሻውን ካነበበ ይነቃል። ገጹ ደግሞ ቀላል ይሁን፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ቶሎ የማይከፈት ገጽ እንደሌለ ቁጠረው።

የእግር መንገደኛ፦

ኮድ ጸሐፊዋ ስለ መሣሪያው ልክ ነች። እኔ የምጨነቀው ውስጡ ስለሚገባው ነገር ነው። ለረጅም ዓመት አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው "ይህ ሕንፃ በዚህ ዓመት ተሠራ፣ ሠሪው እገሌ ነው" ስትለው ፊቱ ላይ የሚታየውን አውቀዋለሁ። በትህትና ይሰማሃል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። "በዚህ መስኮት አንዲት እናት በየማታው ፋኖስ ታስቀምጥ ነበር፣ ልጇ ከባሕር እስኪመለስ" ስትለው ቀና ብሎ ያያል። እዚያው ይቆማል። ሕንፃውን ሳይነካ አይሄድም።

ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 መርመር የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። ስማርት ስልክ ገና ባልተለመደበት ጊዜ ማለት ነው። ኬንሲንግተን ማርኬት በሚባለው ሰፈር አረንጓዴ የጆሮ ቅርጽ ያለው ምልክት ምሰሶ ላይ ሰቀሉ። ምልክቱ ላይ ስልክ ቁጥርና የቦታው ኮድ አለ። ትደውላለህ፣ አንድ ሰው እዚያው በቆምክበት ቦታ የደረሰበትን ነገር ሲያወራ ትሰማለህ። ታዋቂ ሰው አይደለም፣ ተራ ሰው ነው። እዚህ ጋ ተዋወቅን፣ እዚህ ጋ ተጣላን፣ እዚህ ቤት ውስጥ ተወለድኩ። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞችም ሄደ።

እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎች ከመብራት ምሰሶና ከፖስታ ሳጥን ጋር በኤስኤምኤስ እንዲያወሩ አደረጉ። ምሰሶው ላይ ለጥገና ተብሎ ድሮም የተለጠፈ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ትልካለህ፣ ምሰሶው ጥያቄ ይጠይቅሃል፣ አንተ የመለስከውን ለቀጣዩ ሰው ይነግረዋል። አዲስ የተተከለ ምንም ነገር የለም! ከተማው ላይ የነበረውን ቁጥር ነው የተጠቀሙበት። ስለዚህ በጀቱን ከማሰብህ በፊት መንገዱ ላይ አሁን ምን እንዳለ ዞረህ እየው።

የምመክርህ ድምፅ ነው። ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ድምፅ የሚሰማ ሰው ግን ከተማውን ያያል። ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ተራኪዎቹ እዚያው የኖሩ፣ እዚያው የሚሠሩ ሰዎች ይሁኑ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ቢንተባተቡም ግድ የለም። ደግሞ እያንዳንዱ ወሬ ሲያልቅ ሰውን ወደ አንድ ክፍት በር ይምራው። ጠራዡ ስለ አባቱ ሥራ አውርቶ ሲጨርስ "ውስጥ ነኝ፣ ግባና እጄን እየው" ይበል። ጥያቄህ ውስጥ እንጀራ ብለሃል አይደል? እንጀራው ያለው እዚያ በር ላይ ነው።

ስምንተኛ ደረጃ፦

እኔ ግን በሁለታችሁም ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ወሬ የሚሰማው አስቀድሞ የመጣ ሰው ነው። ያልመጣውን ማን ያምጣው? ወጣቱን የሚያመጣው ጨዋታ ነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አሜሪካ ሕዝቡ በሚጠቀምበት ጂፒኤስ (ያለህበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳውቀው ሲስተም) ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስህተት አነሳች። በቀናት ውስጥ አንድ ሰው ኦሪገን ጫካ ውስጥ ዕቃ የያዘ ባልዲ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ነጥብ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ጂኦካሺንግ እንዲህ ተወለደ። ዛሬ ሰዎች የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ብቻ ስሙን ሰምተውት ወደማያውቁት ቦታ ይጓዛሉ። በጁላይ 2016 ፖኬሞን ጎ የሚባለው፣ በየመንገዱ እየዞርክ ምናባዊ ፍጡሮችን በስልክህ የምትይዝበት ጨዋታ ሲወጣ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሌሊት አደባባይ ላይ ተኮልኩሎ ያድር ነበር። ካፌዎች ፍጡሮቹን የሚስበውን፣ ለግማሽ ሰዓት የሚሠራውን የጨዋታውን ማባበያ እየገዙ በራቸው አጠገብ ያደርጉ ነበር፣ ተጫዋቹም ይመጣ ነበር። ሰው አይሄድበትም የተባለ መናፈሻ በአንድ ሳምንት ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ።

የእግር መንገደኛ፦

ማየትህን አልጠራጠርም። ግን ከዚያ በኋላስ? ተጫዋቹ የት እንደቆመ አያውቅም ነበር። ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት የኦሽዊትዝ መታሰቢያና ዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት ሙዚየም "እባካችሁ እዚህ አትጫወቱ" ብለው እስከመለመን ደረሱ። ቦታው ለጨዋታው ሜዳ ብቻ ሆኖ ነበር።

ስምንተኛ ደረጃ፦

ልክ ነህ፣ እሱ ትልቅ ጥፋት ነበር። ለዚህ ነው ጨዋታው ከቦታው መውጣት ያለበት የምለው። ከላይ የወረደ ፍጡር መያዝ ሳይሆን፣ መልሱ ግድግዳው ላይ ያለ እንቆቅልሽ። "በሩ ላይ የተቀረጸው እንስሳ ስንት እግር አለው?" ለማወቅ ቀና ብለህ ማየት አለብህ። የሚቀጥለውን ፍንጭ የሚሰጥህ ሰዓት ጠጋኙ ይሁን፣ በአፉ። ልጆች ያሉት ቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ነገር ካገኘ ግማሽ ቀን አይሄድም። ግማሽ ቀን የቆየ ደግሞ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ አንድ ነገር ይገዛል። ይህም አፕ አይፈልግም፣ በኪውአርና በቀላል ገጽ ይሠራል። በዚህ ከኮድ ጸሐፊዋ ጋር ነኝ።

ካርታ አራሚ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ጎብኚው ከእናንተ ገጽ በፊት የሚያየው ካርታ አለ፣ ስልኩ ላይ ድሮም ያለው። እዚያ ላይ መሃል ከተማችሁ ምን ይመስላል? ከዓመት በፊት የተዘጋው ሱቅ "ክፍት" ይላል፣ የሚሠራው ጠራዥ ጭራሽ የለም፣ የሕዝብ መጸዳጃው አልተመዘገበም፣ ደረጃ ያለበትን መንገድ ዊልቸር ለያዘ ሰው ያሳየዋል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ለዚህ እሰጥ ነበር። ጉግል ካርታ ላይ ባለሱቅ የራሱን ገጽ በነጻ ተረክቦ ሰዓቱንና ፎቶውን ማስገባት ይችላል። ብዙዎቹ እንደሚችሉ አያውቁም፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ኦፕንስትሪትማፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ማንም ሰው የሚያርመው ካርታ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ብዙ የካርታ አፖች መረጃቸውን የሚወስዱት ከእሱ ነው። ጥቂት ሰዎች ቅዳሜና እሁድ በእግር እየዞሩ ቢመዘግቡ አንድ መሃል ከተማ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ካርታ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከተጠራጠራችሁ ባርሴሎናን እዩ። ፓርክ ጉዌል በሚባለው ዝነኛ መናፈሻ አካባቢ የሚሄደው 116 ቁጥር ሚኒባስ በቱሪስት ተጨናንቆ ሽማግሌዎቹ መሳፈር አቃታቸው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 መስመሩን ከጉግል ካርታ ላይ አስጠፋው። ቱሪስቱ ወዲያው ቀነሰ፣ ነዋሪውም አውቶቡሱን መልሶ አገኘ። አንድ መስመር ከስልክ ላይ ማጥፋት ይህን ካደረገ፣ ስልክ ላይ የሌለ ሱቅ ምን እንደሚደርስበት አስቡት።

አንድ የቴክኒክ ነገር። በጠባብ መንገድና በረጃጅም ግድግዳ መካከል ጂፒኤስ ይሳሳታል። ሜዳ ላይ አምስት ሜትር ገደማ ድረስ በትክክል የሚያውቅህ ስልክ እዚያ ጋ ሲግናሉ ከግድግዳ እየነጠረ ሌላ መንገድ ላይ ነህ ይልሃል። ስለዚህ "ሕንፃው ጋ ስትደርስ ራሱ ይጀምራል" የሚለውን ሐሳብ ከዕቅዱ አውጡት። ግድግዳው ላይ ያለ ኮድ አይሳሳትም።

መሃል መንገድ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካሜራውን ደግኖ የድሮውን ፎቶ ማየት የሚለውስ? አለቆቼ በጣም የወደዱት እሱን ነው። ለንደን ላይ ተሠርቷል ይላሉ።

ኮድ ጸሐፊዋ፦

እውነት ነው፣ የለንደን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2010 ስትሪትሚውዚየም የሚባል አፕ አውጥቶ ነበር። ከስብስቡ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች በዛሬው መንገድ ላይ ያሳይ ነበር፣ ሰውም ወዶታል። ግን ሙዚየሙ ፎቶዎቹ ነበሩት፣ በብዛት፣ ቦታቸው የታወቀ። የእናንተን ፎቶ ማን ይዞታል? በየቤቱ አልበም ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ እሱን ሰብስቡ። ከዚያ ቆንጆ የሆኑትን ሁለት ሦስት ቦታዎች ምረጡና ፎቶው በተነሳበት ነጥብ መሬት ላይ ምልክት አድርጉ። ሰውየው እዚያ ቆሞ ፎቶውን ስልኩ ላይ ይክፈት፣ ቀና ይበል፣ ያወዳድር። ስሜቱ ያው ነው፣ ወጪው ግን በጭራሽ አይገናኝም።

አሁንም እዚያው የምኖር፦

እንዲህ ያለ መሃል ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ከሌላ በኩል ልናገር። ስለ ጎብኚው አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ስለ ኪራይ ማንም አልጻፈም። ሰው መምጣት ሲጀምር የሕንፃ ባለቤቶች ቤቱን ለነዋሪ ከማከራየት በአፕ ለአንድ ሌሊት ማከራየት እንደሚያዋጣቸው ወዲያው ያውቃሉ። ቬኒስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታሪካዊው ክፍል ወደ 175,000 ሰው ይኖርበት ነበር፣ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ምክንያቱ ቱሪዝም ብቻ ባይሆንም ድርሻው ቀላል አይደለም። በ2024 የቀን ጎብኚን 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመሩ፣ ደረሰኙም ስልክ ላይ ያለ ኪውአር ነው። ባርሴሎናም በ2028 መጨረሻ ላይ 10,000 የሚሆኑ የቱሪስት አፓርታማዎችን ፈቃድ እንደማታድስ አስታውቃለች። እነዚያ ከተሞች ፍሬኑን የያዙት ቁልቁል ከወረዱ በኋላ ነው። እናንተ ገና ሳትነሱ ማሰብ ትችላላችሁ። ማታ መብራት ያለበት መስኮት የሚኖረው ሰው ሲኖርበት ነው፣ ሻንጣ የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት ለጎረቤት ጎረቤት አይሆንም። ባዶ ከሆኑት ፎቆች ምን ያህሉ ለነዋሪ ብቻ እንደሚሆን አሁን ይወሰን፣ ኪራዩ ርካሽ በሆነበት ጊዜ።

ሌላው ትንሽ ነገር። ድምፃችንን ልትቀዱ ስትመጡ ጠይቁን። ቤቴን "የተተወ ውበት" ብሎ የሚያስጎበኝ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ አውቃለሁ። አልተተወም፣ እየኖርኩበት ነው።

መሃል መንገድ፦

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ይህን ስላልክ በጣም አመሰግናለሁ። የኪራዩን ጉዳይ ጭራሽ አላሰብነውም ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ፣ በጽሑፍ እንዲገባም ተስማምተናል። ሰውም ሳይፈቅድ አንቀዳም።

አፑ ቀርቷል። አለቆቼን ለማሳመን ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ካርታውን እናርማለን፣ ከባለሱቆቹ ጋር እየተቀመጥን። ከዚያ 12 ቦታ ብቻ፣ በኪውአርና በድምፅ። አንድ ሰው በቋሚነት ሰዓቶቹን እንዲያድስ ደመወዙ ከበጀቱ ላይ ተይዟል፣ ለሦስት ዓመት። የቀረው ነገር መለኪያው ነው። ድሮ የአፕ ማውረጃ ቁጥር ነበር የምንቆጥረው፣ አሁን ምን እንቁጠር?

ካርታ አራሚ፦

ለየቦታው የተለየ ኮድ ስጡት። ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደከፈተው ታያላችሁ፣ ስም ግን አትጠይቁ፣ ማንነቱን አትከታተሉ፣ አያስፈልጋችሁም። ሰው አራተኛው ቦታ ደርሶ አምስተኛው ላይ የማይታይ ከሆነ ሄዳችሁ መንገዱን እዩት፤ ወይ መብራት የለም ወይ ጥጉ ያስፈራል ወይ ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኗል። በየወሩ ደግሞ ባለሱቆቹን በአካል ጠይቁ። ስንት እንግዳ ገባ፣ ስንቱ ገዛ፣ ምን ጠይቆ አጣ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይጠቅማችኋል።

መሃል መንገድ፦

ገባኝ። የመጀመሪያውን ድምፅ ነገ ልቀዳ ነው፣ ሰዓት ጠጋኙን። ፈቃደኛ ብቻ አይደለም፣ ሱሪና ኮቱን አስተኩሶ ነው የሚጠብቀኝ። አንድ ችግር ብቻ አለ። ሱቁ ውስጥ ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ይጮኻሉ፣ ቅጂው ላይ ይገባሉ። ሌላ ክፍል ልውሰደው?

የእግር መንገደኛ፦

እንዳታደርገው! ከዚያ ቤት አታውጣው። መናገር ከመጀመሩ በፊት አሥር ሰከንድ ያህል ሰዓቶቹ ብቻ ይሰሙ።